የተሸካሚ አደራ

አባቴ «ጣቢያው» ሲሉ ዛሬም አሮጌውን የባቡር ጣቢያ ማለታቸው ነው። ከናጋድ የሚነሣውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ሁለት ጊዜ ተሳፍረውበታል፤ ወንበሩን አመስግነዋል፣ ቀዝቃዛ አየሩን አመስግነዋል፤ «ጣቢያ» የሚለውን ስም ግን አሳልፈው አልሰጡትም። የእሳቸው ጣቢያ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ የነበረው፣ ከድሬዳዋ በመጡ በሳምንታቸው ትከሻቸውን ያከራዩበት ነው። በዚያ ጣቢያ የሻንጣ ተሸካሚ ነበሩ። ፈረንሳዮቹ በሠረገላው መስኮት ብቅ ብለው «ፖርተር!» እያሉ ሲጣሩ፣ የአገር ሰው ደግሞ «ኩሊ!» ይል ነበር። አባቴ ለሁለቱም ስም «አቤት» ብለው ይዞሩ እንደነበር ይናገራሉ።

እኔ ልጃቸው ደግሞ የቃል ተሸካሚ ሆንኩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ እያመላለስኩ እኖራለሁ። የምተረጉመው ልብ ወለድ ወይም ግጥም አይደለም። የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ነው፤ የውርስ ክርክር ነው፤ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች የአደጋ ቃል ነው። ከዚያም በላይ በዚህች ከተማ በኩል ወደ ባሕር ማዶ ሊሻገሩ መጥተው መንገድ ላይ የቀሩ የአገሬ ልጆች ታሪክ ነው። ሰው ለእናቱ ያልነገረውን ለእኔ ይነግረኛል፤ እኔም በሌላ ቋንቋ ጽፌ አስረክባለሁ። ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደው ቋንቋው አይደለም፤ አደራው ነው።

ይህን ሁሉ መቅድም ማብዛቴ ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልጽፍ ስለሆነ ነው። አንባቢ እንዳይገረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤቴ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ያን አደራ ሊያስበላኝ ደርሶ ነበርና፣ እንዴት እንደሆነ መንገር ይገባኛል።

ይህች ከተማ ቃል ከሚሸከሙ ነገሮች ጋር የቆየ ዝምድና አላት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጅቡቲ ልማድ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የባቡሩ ሐዲድ ሥራ ከዚሁ ከወደቡ በ1897 ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ 780 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ሐዲዱ ጨውና ቡና፣ ጨርቅና ብረት ብቻ አላመላለሰም፤ ቃልም አመላልሷል። «ለገሀር» ያልነው የፈረንሳዮቹን «ላ ጋር» ነው። «ሽመንደፈር» ያልነው የእነርሱኑ የብረት መንገድ ነው። «ባቡር» የሚለው ራሱ እንፋሎት ከሚለው የባዕድ ቃል በዐረቦች በኩል ተንከባሎ የደረሰን ነው። አባቶቻችን እነዚህን ቃላት ሲቀበሉ መዝገበ ቃላት አላገላበጡም፤ ከሻንጣው ጋር አብረው አወረዷቸው። ከሐዲዱ ጎን ደግሞ ሽቦ የተዘረጋባቸው ምሰሶዎች አብረው ይጓዙ ነበር። አባቴ እንደሚሉት ባቡሩ ገና የሆልሆልን ድልድይ ሳይሻገር ስንት ሠረገላ እንደሚስብ ጣቢያው ያውቅ ነበር። ዕቃው በሐዲዱ ይመጣል፤ ወሬው በሽቦው ቀድሞ ይገባል።

ወደ ቤቴ ልመለስ። የምንኖርበት ቤት አሮጌ ነው። ግድግዳው በድሮው የከተማዋ አሠራር ከባሕር ከወጣ የኮራል ድንጋይ የተገነባ ሲሆን ከአንድ ክንድ በላይ ይወፍራል። በሐምሌ ኻምሲን ሲነሣና ከተማዋ እንደ ምጣድ ስትግል ይህን ግድግዳ የሠሩትን ሰዎች ነፍስ ይማር እላለሁ። ነገር ግን ሙቀቱን የሚመልሰው ግድግዳ ዋይፋዩንም ይመልሰዋል። የስልኩ መስመር የሚገባው በፊት ለፊቱ ክፍል ስለሆነ ራውተሩ የተቀመጠው እዚያ ነው። የሥራ ክፍሌ ያለው ግን በጓሮ በኩል ከሦስት ግድግዳ ማዶ ነው። አርባ ገጽ ሰነድ ለመላክ ኮምፒውተሬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ወደ ሳሎን እወጣለሁ። ሳሎን ውስጥ ደግሞ አባቴ አሉ፤ ሬዲዮናቸው አለ፤ እንግዳ አለ። የሰው ምስጢር በእንግዳ ፊት አይከፈትም። ኬብል ልዘርጋ ብዬ የቤቱን ባለቤት ባስፈቅድ፣ «ግድግዳውን እንዳትበሳብኝ እንጂ የፈለግኸውን አድርግ» አሉኝ። ግድግዳ ሳይበሱ ኬብል መዘርጋት ደግሞ ውኃ ሳይነኩ እንደ መዋኘት ነው።

መፍትሔውን የነገረኝ ኮምፒውተር የሚሸጥ ወጣት ነበር። «ግድግዳው እኮ ተበስቷል፤ ሽቦም ተቀብሮበታል» አለኝ። «የኤሌክትሪኩን ሽቦ ለምን አትጠቀምበትም?» ከዚያም «ሴፔኤል» የሚባለውን ነገር አሳየኝ፤ ሶኬት ላይ የሚሰኩ፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጡ ሣጥኖች ናቸው። አንዱን ራውተሩ አጠገብ ትሰካና በአጭር ኬብል ታገናኘዋለህ። ሌላውን የሥራ ክፍልህ ሶኬት ላይ ትሰካና ከኮምፒውተሩ ጋር ታያይዘዋለህ። አለቀ። በመካከላቸው ያለውን መንገድ ቤቱ ራሱ ይሠራዋል።

ተርጓሚ ነኝና ከዕቃው በፊት ስሙ ያዘኝ። «ሴፔኤል» የሦስት የፈረንሳይኛ ቃላት ምሕጻረ ቃል ነው፤ «ኩራን ፖርተር አን ሊኝ»። በእኛ ቋንቋ «በመስመር ላይ ያለ ተሸካሚ ኮረንቲ» ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። ፖርተር! አባቴን በሠረገላ መስኮት ይጠሩበት የነበረው ቃል እዚህ ሣጥን ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ማታ ለአባቴ ስነግራቸው ሣቁ። «ኮረንቲም ኩሊ ሆነ በለኛ!» አሉ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለአባቴ ለማስረዳት የተጠቀምኩበትን ምሳሌ ለአንባቢም ልድገመው። በማኅሌት ጊዜ ከበሮና ጸናጽል በአንድነት ይሰማሉ። ከበሮው ወፍራምና ዝግ ያለ ነው፤ ጸናጽሉ ቀጭንና ፈጣን ነው። አየሩ አንድ ነው፤ ጆሮ ግን ሁለቱን አይደባልቅም። በቤታችን ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ በ220 ቮልት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ እርሱ ከበሮው ነው። ሣጥኖቹ በዚያው ሽቦ ላይ የሚጨምሩት ድምፅ ደግሞ በሴኮንድ ከ2 ሚሊዮን እስከ 28 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ፣ ኃይሉም እጅግ አነስተኛ የሆነ ነው፤ ይህ ጸናጽሉ ነው። ማዶ ያለው ሣጥን ከበሮውን አግዶ ጸናጽሉን ብቻ ያሳልፋል፤ ከርግብግብታውም ፊደሉንና ሥዕሉን መልሶ ያነባል። ፍሪጁ የሚያውቀው ከበሮውን ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያዳምጠው ጸናጽሉን ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ከፍተኛ ኃይል በሚሸከሙት መስመሮቻቸው ላይ የስልክ ንግግር ማሳለፍ ከጀመሩ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። በ1975 «ኤክስ ቴን» የተባለው አሠራር መብራትንና ሌሎች የቤት መሣሪያዎችን በቤቱ ሽቦ በኩል በሩቁ ማዘዝ አስቻለ። በ2000 ኩባንያዎች ተሰባስበው «ሆምፕላግ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያው የጋራ ደንብ ወጣ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 14 ሚሊዮን ቢት ነበር። በ2005 የወጣው ቀጣዩ ደንብ ወደ 200 ሚሊዮን አደረሰው፤ በ2010 ደግሞ ዓለም አቀፍ የምሕንድስና ደረጃ ተበጀለት። እርግጥ በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥርና ቤት ውስጥ የሚገኘው ፍጥነት አንድ አይደሉም፤ ገበያ ላይ የተጠየቀ ዋጋና የተከፈለ ዋጋ አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ። በእኔ ቤት የተገኘው ከተጻፈው አንድ አምስተኛ ያህል ነበር። እርሱም ተርፎኛል።

የመጀመሪያው ቀን ግን አልሠራም። ምክንያቱን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሣጥኑን የሰካሁት ዲቫይደር ላይ ነበር፤ ዲቫይደሩ ደግሞ ኮረንቲ ሲጨምር ዕቃ እንዳይቃጠል የሚከላከል ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ዲቫይደር፣ ስታቢላይዘሩም ጭምር፣ ጸናጽሉን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ያፍነዋል። ሣጥኑን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ስሰካው መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አየር ማቀዝቀዣው ሲነሣ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ አንድ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ደግሞ ከአየር ማቀዝቀዣው የባሰ ይረብሻል። ሣጥኖቹ ይህን ስለሚያውቁ መልእክቱን ከ900 በላይ በሆኑ ቀጫጭን ጅረቶች ከፋፍለው ይልኩታል፤ አንዱ መንገድ ሲታወክ በሌላው ያሳልፋሉ። ብልህ የጣቢያ ተሸካሚ አንዱ በር ሲጨናነቅ በሌላው እንደሚዞር ማለት ነው።

የሥራ ክፍሌን በር ዘግቼ መሥራት ጀመርኩ። ሳሎን ላለው አሮጌ ኮምፒውተርና ለፕሪንተሩም ተጨማሪ ሣጥን ለየብቻ ገዛሁ። ከሁለቱም ኮምፒውተሮች እንዲከፈት ብዬ «ትራዱክሲዮን» የሚል ፎልደር የጋራ አደረግሁ። የይለፍ ቃል አላደረግሁበትም። ቤቴ ነው፤ ከማን እደብቃለሁ? እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ጥፋቱን መጀመሪያ ያወቁት አባቴ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ሬዲዮናቸውን ይዘው የሥራ ክፍሌ ድረስ መጡ። የአማርኛ ዜና በአጭር ሞገድ ያዳምጡ ነበር፤ ሬዲዮኑ ግን ይንጫጫል። «ምን አደረግኸው?» አሉኝ። ሣጥኑን ስነቅለው ዝም አለ፤ ስሰካው እንደገና ተንጫጫ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጸናጽሉ የሚርገበገብበት ክልልና የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ክልል አንድ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ደግሞ እንደ ስልክ ኬብል ተጠላልፎ ያልተፈተለ በመሆኑ የተሸከመውን ሁሉ እንደ አንቴና ወደ ውጭ ይረጫል። የደንቡ አውጪዎች የአማተር ሬዲዮኞችን ክልል ሣጥኖቹ እንዲዘሉት አድርገዋል፤ የአባቴን ጣቢያ ግን አልዘለሉትም። ዜናው በሚተላለፍበት ሰዓት ሣጥኖቹን እነቅላለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። እሳቸው ግን ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ይህ ሽቦህ ያፈሳል። ወደ ሬዲዮኔ የመጣ ነገር ሌላ ቦታ ላለመሄዱ ምን ዋስትና አለህ?» አሉ።

አልሰማኋቸውም። ሽማግሌ አልኩ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ የነሐሴ ሌሊት ነበር፤ ከፊቴ የአንዲት ወጣት ቃል ተዘርግቷል። ከየት እንደመጣች፣ ማን እንደሆነች አልጽፍም። በእግሯ በረሃውን አቋርጣ፣ ባሕሩን ለመሻገር ኦቦክ ድረስ ሄዳ፣ ከዚያ የተመለሰች ናት። በመንገድ ላይ የደረሰባትን ለእኔ ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ያን ቃል ወደ ፈረንሳይኛ ስመልስ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። በዚህ መካከል ሳላዘው ፕሪንተሩ ተነሣ። ተንገጫገጨ፣ ወረቀት ሳበና አንድ ገጽ አወጣ። አነሣሁት። የፓይታጎረስ ሕግ ነበር፤ ሦስት ማዕዘን ተሥሎበት፣ ከሥሩ አራት ጥያቄ በፈረንሳይኛ ተደርድሮ፣ ላዩ ላይ የክፍል ስም ተጽፎበት።

በማግሥቱ ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ በሩን አንኳኳ። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። «አዴር፣ የቤት ሥራዬ እናንተ ጋ ነው እንዴ የወጣው?» አለኝ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ወረቀቱን ሰጠሁት። አመሰገነኝና ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ «ኮምፒውተሬ ላይ የእናንተ ፎልደርም ይታያል» አለ። እግሬ ራደ። «ከፈትኸው?» አልኩት። «አንዱን ከፍቼ ነበር። በእናንተ ፊደል ስለተጻፈ አላነበብኩትም።»

ከአማርኛው ጎን የፈረንሳይኛው ትርጉም ነበር። ልጁ ደግሞ የሚማረው በፈረንሳይኛ ነው። ጣቱ አንድ መስመር ዝቅ ብትል ኖሮ ያቺ ወጣት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተናገረችውን ሁሉ ያነበው ነበር። በአንዲት ሴት ምስጢርና በአንድ ሕፃን ዓይን መካከል የነበረው መዝጊያ ፊደላችን ብቻ ነበር። የይለፍ ቃል አልነበረም፤ ቁልፍም አልነበረም።

እንዴት ሆነ? ግቢው ለሦስት ቤት የተከፈለ ነው። ቆጣሪዎቻችን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ ሽቦዎቹም ከአንድ መስመር ነው የሚቀጠሉት። የኮረንቲውን ሒሳብ ቆጣሪው ይለያል፤ ጸናጽሉን ግን አያቆመውም። የልጁ አባትም ግድግዳው ቸግሯቸው እንደ እኔው ሣጥን ገዝተዋል። ሣጥኖቹ መልእክታቸውን በጠንካራ ምስጢራዊ ጽሑፍ ይቆልፋሉ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ለየብቻ የሚሸጡት ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ዓይነት ቁልፍ ይዘው ነው፤ ገዢው ሰክቶ ወዲያው እንዲጠቀም ታስቦ። በሩ ብረት ነው፤ ቁልፉ ግን ገበያውን ሁሉ ይከፍታል። የእኔ ሣጥኖችና የጎረቤቴ ሣጥኖች እርስ በርስ ሲሰማሙ እንደ ዘመድ ተቀባበሉ፤ ሁለቱ ቤት አንድ መረብ ሆነ። ቁልፉን መለወጥ እንደሚገባ የሚናገር መመሪያ በካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ በአምስት ቋንቋ ተተርጉሞ። በሰው ትርጉም እንጀራ የምበላው ሰውዬ ያን ትርጉም አላነበብኩትም።

መሣሪያውን ማረም ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀው። በአንዱ ሣጥን ጎን ያለችውን ቁልፍ ተጭኜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሁለተኛውን ተጫንኩ፤ ቀጥሎም የሦስተኛውን። ሣጥኖቹ በመካከላቸው ሌላ ማንም የማያውቀው አዲስ ቁልፍ ተስማሙ። ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ሄጄ ለእነርሱም እንዲሁ አደረግን። ዛሬ ሁለቱ መረቦች በአንድ ሽቦ ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የሽቦውን ጉልበት ይጋራሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ቃል አይሰማም። ፎልደሩን ከጋራነት አውጥቼ በይለፍ ቃል ዘጋሁት። በማሽን በኩል ጉዳዩ አለቀ።

በሰው በኩል ግን አላለቀም። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ አላነበበም፤ ማንም አልተጎዳም፤ ዝም ብል ማን ያውቃል? ደግሞስ ብነግራት ከማስደንገጥ በቀር ምን እጠቅማታለሁ? ይህን ሁሉ ለራሴ በሚገባ ተረጎምኩለት፤ ትርጉሙ ጥሩ ነበር፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። ሌሊቱ ሳይነጋ አባቴ ለጸሎት ሲነሡ አገኙኝና ነገርኳቸው።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ የጣቢያውን ነገር አነሡ። «አንድ ቀን» አሉኝ፣ «የተሸከምኩት ሻንጣ ገመዱ ተበጥሶ መሬት ላይ ተበተነ። የሴት ልብስ ነበር። ሴትዮዋ ወደፊት ሄዳለች፤ አላየችም። መልሼ አጥፌ፣ አስሬ፣ አደረስኩላት። ስታስረክበኝና ስረከባት ግን ቋጠሮው አንድ አይደለም። ዝም ብል ቤቷ ገብታ ስትከፍተው 'ኩሊው በርብሮኛል' ትላለች። ስለዚህ ነገርኳት፤ 'እመቤቴ፣ ሻንጣዎ ተፈቶብኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሰርኩት' አልኳት። ተቆጥታ ዋጋዬን አልከፈለችኝም።» እዚህ ላይ ቆም አሉ። «ተሸካሚ የሰው ሻንጣ አይከፍትም። ከተከፈተበት ግን ይናገራል።»

በማግሥቱ ወጣቷን አስጠርቼ ነገርኳት። ምንም አላስቀረሁም። ፊቴን አልተመለከተችም። «ስሜ ነበረበት?» አለችኝ። «ነበረ» አልኳት። «አንብቦታል?» «አላነበበም ይላል፤ እኔም አምነዋለሁ። ግን ማረጋገጥ አልችልም።» ጥቂት ቆይታ እጇን ዘረጋች፤ ወረቀቶቿን ሰጠኋት። የከፈለችውን ቀብድ ስመልስላት ቆጥራ ተቀበለችኝ። «ስለነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና ወጣች። ሥራውን ሌላ ተርጓሚ ጨረሰው። ያን ሦስት ጊዜ የሰረዝኩትን ዓረፍተ ነገር እርሱ እንዴት እንደጻፈው አላውቅም።

ከዚህ ወዲህ አሠራሬን ለወጥኩ። ደንበኛ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥ፣ በምን እንደሚላክ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል እነግረዋለሁ። በኮምፒውተሬ ላይ የማንም ስም አይጻፍም፤ አንድ ፊደል ብቻ ይቆማል፤ ስሙ የሚገባው በመጨረሻው ወረቀት ላይ በእጄ ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ ያድርግ አልልም፤ ይሁንና በቤቱ ሽቦ ኢንተርኔት የሚያሳልፍ አንባቢ ቢኖር አንድ ነገር ልለምነው። ሣጥኖቹን በሰካህበት ቀን ቁልፋቸውን ለውጥ። አባወራ ብትሆን በርህን ዘግተህ የምታድረው ሌባ ስለመጣ አይደለም፤ በር ስለሆነ ነው።

ሽቦ ስለሚያደርሰው ነገር ሁሉ ከዚህ ወዲህ ማሰብ ለመድኩ። ከ2011 ጀምሮ ይህች ከተማ ከኢትዮጵያ በሚመጣ ኃይልም ትበራለች፤ መስመሩ ከድሬዳዋ በኩል ነው የሚመጣው፤ አባቴ በመጡበት አቅጣጫ። ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው አዲሱ ባቡርም በራሱ ላይ ከተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይቀበላል፤ የተጠቀመበት ኮረንቲ የሚመለሰው በሐዲዱ ነው። ድሮ ዕቃው በሐዲዱ፣ ወሬው በሽቦው ይሄድ ነበር። ዛሬ ሐዲዱም ኮረንቲ ይሸከማል፣ የቤት ሽቦም ቃል ይሸከማል። ከወንዞቻችን ተነሥቶ በረሃውን ያቋረጠው ኃይል የእኔን አምፑል ያበራል፤ በዚያው ሽቦ ላይ ደግሞ የአንድ ሰው ታሪክ ከሳሎን ወደ ጓሮ ያልፋል። ሽቦው የሁለቱንም ክብደት አያውቅም። ማወቅ ያለበት ሽቦውን የሰካው ሰው ነው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ወጣት ወደ ቤቴ መጣ። በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል፤ ከበሩ ማለፍ ፈርቷል። አባቴ በረንዳው ላይ ሬዲዮናቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል፤ የዜናው ሰዓት ስለነበር ሣጥኖቹ ተነቅለዋል። «የሚያስተረጉም ነገር ነበረኝ» አለ። ማን እንደላከው ጠየቅሁት።

«አንዲት ልጅ ናት» አለኝ። «'ቢያጠፋም ይነግርሃል' አለችኝ።»

አባቴ ቀና ብለው ተመለከቱኝና የሬዲዮውን ድምፅ ዝቅ አደረጉ። ልጁን አስገባሁት።